ለፋይበር መስመራችን የትኛው ማስተካከያ ይበጃል? ከቀላል ኢኳላይዘር እስከ ኒውራል ኔትወርክ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከቂሊንጦና ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላንና ወደ ዱከም በሚወስደው አቅጣጫ፣ መንገድ በተሠራና ግንባታ በተጀመረ ቁጥር የፋይበር ኬብል ሲቆረጥ፣ ሲቀጠልና እንደገና ሲቀበር ማየት የተለመደ ነው። በዚሁ አካባቢ የፋይበር ኮሙኒኬሽን ከሚያጠኑ ተማሪዎች ጋር ስሠራ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «የተዛባውን ሲግናል በማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተሩ ራሱ ከምሳሌዎች በሚማርበት ስልት) ብናስተካክለው አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው አንድ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም የ15 ኪሎ ሜትር የመኖሪያ ቤት መስመር፣ ሁለት ከተሞችን የሚያገናኝ የ60 ኪሎ ሜትር መስመርና ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ረጅም መስመር የሚታመሙት በተለያየ በሽታ ነው። ስለዚህ አማራጮቹን የማነጻጽረው በየመስመሩ ዓይነት ነው። መሣሪያ ከመመረጡ በፊት መዛባቱ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት፤ ቀላሉ መሣሪያ የሚችለውንም ሥራ ለከባዱ መስጠት አይገባም።

ኖይዝና መዛባት

በመቀበያው በኩል የሚታየው ስህተት ከሁለት ምንጭ ይመጣል። አንደኛው ኖይዝ ነው፤ ከማጉያው፣ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው ፎቶዳዮድና ከኤሌክትሮኒክሱ የሚመነጭ፣ አስቀድሞ ሊገመት የማይችል መዋዠቅ ነው። ሁለተኛው መዛባት ሲሆን፣ አንድ ዓይነት የቢት ቅደም ተከተል በተላከ ቁጥር በተመሳሳይ መልክ የሚደገም ለውጥ ነው። ኢኳላይዘርም (የተዛባን ሲግናል ወደ መልኩ የሚመልስ ማጣሪያ) ሆነ ኒውራል ኔትወርክ («ነርቭ» ከሚባሉ ትንንሽ ስሌቶች የተገነባ፣ ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም) ሊያስተካክል የሚችለው ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ የሚማረው ከሚደጋገም ነገር ነውና። በመንገድ ላይ የጠፋን ብርሃን የትኛውም አልጎሪዝም አይመልሰውም።

ሁለቱን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። አንድ የታወቀ የቢት ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ እየደጋገሙ መላክ፣ የተቀበሉትን ሞገዶች መቅዳትና አማካያቸውን ማውጣት ነው። አማካዩ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ችግሩ በአብዛኛው ኖይዝ ነው፤ አማካዩም የተዛባ ከሆነ ለኢኳላይዘር የሚሆን ሥራ አለ። ይህ ፈተና የሚፈጀው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው፤ ሳይደረግ ሲቀር ግን የሳምንታት ድካም ሊያስከትል ይችላል።

ይህን የምለው በራሴ ከደረሰ ነገር ተነሥቼ ነው። አንድ ጊዜ ከከተማው ዳር በተዘረጋ መስመር ላይ የስህተቱ መጠን ከፍ ሲል፣ እኔና ተማሪዎቼ ኒውራል ኔትወርክ እያሠለጠንን፣ የነርቮቹን ቁጥር እየጨመርን ብዙ ቀናት አሳለፍን፤ ውጤቱ ግን ከተራው ኢኳላይዘር አልበለጠም። በመጨረሻ የኮኔክተሮቹን (የፋይበር መጋጠሚያዎቹን) ጫፍ በማይክሮስኮፕ ስናይ ሁለቱ በአቧራ ተሸፍነው አገኘናቸው። ብርሃኑ የሚያልፍበት የፋይበሩ እምብርት ስፋት 9 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በበጋ ወራት በከተማው ዳር ከሚነሣው አቧራ ጥቂት ቅንጣት እንኳ መንገዱን ይዘጋል። የቆሸሹ ሁለት ኮኔክተሮች ደግሞ ብርሃኑን በመካከላቸው ያንጸባርቁታል፤ ዘግይቶ የሚደርሰው ነጸብራቅ ከዋናው ሲግናል ጋር እየተጋጨ፣ ፌዙም (የሞገዱ ከፍታና ዝቅታ የሚውልበት ቦታ) በየጊዜው እየተለዋወጠ፣ ለኔትወርኩ እንደ ኖይዝ ሆኖ ይታየዋል። ኔትወርኩ ያልተማረው የሚማረው ነገር ስላልነበረ ነው። በአልኮል የተነከረ መጥረጊያ ሥራውን ጨረሰው።

የቤት መስመር፦ እስከ 20 ኪሎ ሜትር

እንደ ኮዬ ፈጬ ባሉ የኮንዶሚኒየም መንደሮች ወደ ቤት የሚገባው መስመር ዓይነተኛ ምሳሌ ጂፖን (አንዱ ፋይበር ለብዙ ቤቶች የሚከፋፈልበት ሥርዓት) ነው። ወደ ቤት የሚወርደው መረጃ በ1490 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት በሰከንድ 2.488 ጊጋ ቢት፣ ከቤት የሚወጣው ደግሞ በ1310 ናኖ ሜትር 1.244 ጊጋ ቢት ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት የአንዱ ቢት ዕድሜ ከ400 ፒኮ ሰከንድ ስለሚበልጥ፣ ፋይበሩ የሚያስከትለው መበተን (የብርሃኑ ምት በመንገድ ላይ እየሰፋ መሄድ) አይጎዳውም። እውነተኛው ጠላት የብርሃን ማነስ ነው፤ ለ32 ቤቶች የሚያከፋፍል ስፕሊተር ብቻውን ቢያንስ 15 ዲሲቤል (የብርሃን ኃይል ብክነት መለኪያ) ይወስዳል። እዚህ ላይ ስለ ማሽን ለርኒንግ ማሰብ አያስፈልግም፤ ስፕላይሶቹን (የተቀጠሉትን ቦታዎች) ብርሃን ልኮ ነጸብራቁን በሚለካው በኦቲዲአር መፈተሽ ይበቃል። ሁኔታው የሚለወጠው በ2021 ደረጃው የወጣው ባለ 50 ጊጋ ቢቱ የዚሁ ዓይነት መስመር (ፖን) ሲደርስ ነው፤ በዚያ ፍጥነት መቀበያው ዲጂታል ኢኳላይዘር እንዲኖረው ይጠበቃል።

ሁለት ከተሞችን የሚያገናኝ መስመር፦ ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር

ምርጫው በእውነት የሚከብደው እዚህ ነው። ከከተማው ዳር ተነሥቶ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ፣ ወይም በሱሉልታ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄድ፣ በርካሽ ትራንሲቨር (መላኪያና መቀበያ መሣሪያ) የሚሠራ መስመር እናስብ። ርካሹ ትራንሲቨር የሌዘሩን ብርሃን ከፍና ዝቅ እያደረገ ይልካል፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ በአንድ ፎቶዳዮድ ይቀበላል። ፎቶዳዮዱ የሚለካው የብርሃኑን ኃይል ብቻ በመሆኑ የሞገዱ ፌዝ ይጠፋል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የተለመደው ፋይበር በ1550 ናኖ ሜትር አካባቢ በየኪሎ ሜትሩ፣ ለእያንዳንዱ ናኖ ሜትር የሞገድ ስፋት፣ 17 ፒኮ ሰከንድ ያህል ይበትናል። በ80 ኪሎ ሜትር ይህ ለእያንዳንዱ ናኖ ሜትር 1,360 ፒኮ ሰከንድ ይደርሳል። በሰከንድ 10 ጊጋ ቢት የሚልክ ሲግናል ስፋቱ 0.08 ናኖ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መበተኑ ወደ 109 ፒኮ ሰከንድ ይሆናል፤ ይኸውም ከአንድ ቢት ዕድሜ፣ ከ100 ፒኮ ሰከንድ፣ ጥቂት ይበልጣል። ፍጥነቱን ወደ 25 ጊጋ ብናሳድገው ሲግናሉ በ2.5 እጥፍ ይሰፋል፣ የቢቱ ዕድሜም በ2.5 እጥፍ ያጥራል፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ጉዳት የሚደርሰው በ13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍጥነት ሲጨምር የሚቻለው ርቀት በካሬ የሚቀንስበት ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህ የከፋ ነገርም አለ። ከሌዘሩ ድግግሞሽ በላይና በታች ያሉት ሁለቱ የሲግናሉ ጎኖች በመበተኑ ምክንያት የተለያየ ፌዝ ይዘው ፎቶዳዮዱ ላይ ሲገናኙ፣ በአንዳንድ ድግግሞሾች ላይ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። በ20 ኪሎ ሜትር የመጀመሪያው የመጥፊያ ነጥብ 13.5 ጊጋ ሄርዝ አካባቢ ላይ ይውላል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ወደ 6.8 ጊጋ ሄርዝ ይወርዳል። ከዚህ በኋላ ያሉት አማራጮች ሁሉ የሚለያዩት ይህን የመጥፊያ ነጥብ፣ ማለትም በሲግናሉ ድግግሞሾች መካከል የሚፈጠረውን ጉድጓድ፣ በሚይዙበት መንገድ ነው።

ሶፍትዌር ከመነካቱ በፊት ሁለት አካላዊ መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው ወደ 1310 ናኖ ሜትር መዛወር ነው፤ እዚያ መበተኑ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ብክነቱ ግን በኪሎ ሜትር ከ0.2 ወደ 0.35 ዲሲቤል ስለሚያድግ የ40 ኪሎ ሜትር መስመር 8 ዲሲቤል በማጣት ፈንታ 14 ያጣል። ኃይሉ ከበቃ እኔ ይህን አስቀድማለሁ። ሁለተኛው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚበትን ልዩ ፋይበር መጨመር ሲሆን፣ ይሠራል፤ ነገር ግን ዋጋና ተጨማሪ ብክነት ያስከትላል።

ከዲጂታሎቹ ቀላሉ መስመራዊ ኢኳላይዘር ነው። የተቀበላቸውን ናሙናዎች፣ ለምሳሌ 21ዱን፣ እያንዳንዳቸውን በራሳቸው ክብደት አባዝቶ ይደምራል። ክብደቶቹን እየተማረ የሚያስተካክልበት ስልት በርናርድ ዊድሮውና ቴድ ሆፍ በ1960 በስታንፎርድ ያወጡት ሲሆን፣ ያ ሥራቸው ከመጀመሪያዎቹ የኒውራል ኔትወርክ ጥናቶች አንዱ ነው። ስለዚህ «ክላሲካል» እና «ማሽን ለርኒንግ» ብለን የምንለያቸው ሁለቱ ነገሮች ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው፤ ይህን ማወቅ ተማሪውን ከአላስፈላጊ ወገንተኝነት ያድነዋል። የመስመራዊው ኢኳላይዘር ድካም የሚታየው በጉድጓዱ ላይ ነው፦ የጠፋውን ድግግሞሽ ለመመለስ ሲያጎላው ኖይዙንም አብሮ ያጎላዋል።

ይህን የሚያሻሽለው ግብረ መልስ ያለው ኢኳላይዘር ነው። አስቀድሞ የተወሰኑትን ቢቶች ተጠቅሞ ጅራታቸውን (ወደሚቀጥሉት ቢቶች የፈሰሰውን ቅሪት) ከአሁኑ ናሙና ስለሚቀንስ ኖይዙን አያጎላም። ሆኖም አንድ ቢት በስህተት ከተወሰነ የሚቀጥሉትም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ስህተቶቹ በክምር ሲመጡ ደግሞ የስህተት ማረሚያ ኮዱ ይቸገራል። ፍጥነታቸው 10 ጊጋ ለሆነ መስመሮች መስመራዊውና ግብረ መልስ ያለው ኢኳላይዘር ተጣምረው ብዙ ጊዜ ይበቃሉ።

ፍጥነቱ ወደ 28 ጊጋ ባውድ (በሰከንድ 28 ቢሊዮን ሲምቦል) ሲያድግና ብርሃኑን በአራት የብርታት ደረጃዎች እየላከ በእያንዳንዱ ሲምቦል ሁለት ቢት የሚሸከመው ፓም-4 ሲመጣ፣ ፎቶዳዮዱ የብርሃኑን መስክ በካሬ ማንሣቱ በግልጽ ይታያል፤ የሲግናሉ ክፍሎች እርስ በርሳቸው እየተባዙ አዳዲስ መዛባቶችን ይፈጥራሉ። በተጨማሪም መረጃውን ብርሃኑ ላይ የሚጭነው ሞዱሌተርና ሌዘሩ አራቱን የፓም-4 ደረጃዎች እኩል አያራርቁም። ይህ መዛባት መስመራዊ ስላልሆነ መስመራዊ ኢኳላይዘር አይደርስበትም። እዚህ ላይ ሁለት ተፎካካሪዎች አሉ፦ ቮልቴራ ኢኳላይዘርና ኒውራል ኔትወርክ።

ቮልቴራ ናሙናዎቹን እርስ በርስ እያባዛ ለየብዜቱ ክብደት ይሰጣል። በ21 ናሙናዎች ላይ የሁለተኛው ደረጃ ብዜቶች 231፣ የሦስተኛው ደግሞ 1,771 ይሆናሉ። መዛባቱ ከፎቶዳዮዱ ካሬ ብቻ የመጣ ከሆነ ሁለተኛው ደረጃ በቂ ነው፤ የተፈጥሮው መልክ ራሱ ስለሆነ በትንሽ መረጃ ይማራል፣ ክብደቶቹም ምን እንደሚሠሩ ሊብራራ ይችላል። ሦስተኛው ደረጃ ካስፈለገ ግን ወጪው በፍጥነት ይንራል።

ኒውራል ኔትወርክ የብዜቶቹን ዓይነት አስቀድሞ አይወስንም። 51 ናሙና የሚቀበል፣ 32 እና 16 ነርቭ ያላቸው ሁለት ድብቅ ንብርብሮችና አንድ ውጤት ያለው ትንሽ ኔትወርክ ለአንድ ሲምቦል 2,160 ብዜት ይፈልጋል። ሞዱሌተሩ፣ ማጉያውና ፎቶዳዮዱ የየራሳቸውን ጠባይ ደራርበው ሲያመጡ፣ ኔትወርኩ ሁሉንም ባንድነት ስለሚማር ከቮልቴራ ሊበልጥ ይችላል። ወጪውን ግን በቁጥር ማየት ይገባል፦ በ28 ጊጋ ባውድ 2,160 ብዜት ማለት በሰከንድ ወደ 60 ትሪሊዮን ብዜት ነው። በኦሲሎስኮፕ የተቀዳን ሲግናል በላፕቶፕ ላይ አስተካክሎ ጥሩ ግራፍ ማውጣትና ያንኑ በቀጥታ መስመር ላይ በኤፍፒጂኤ (እንደገና ሊዋቀር በሚችል ቺፕ) ማስኬድ እጅግ የተራራቁ ሥራዎች ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያውን ማድረጉ ምንም ነውር የለውም፤ የትኛውን እንዳደረገ ግን በግልጽ መጻፍ አለበት፣ የብዜቱንም ቁጥር ከስህተቱ መጠን ጎን ማስቀመጥ አለበት።

እንደ ኤልኤስቲኤም ያሉ፣ ያለፈውን የሚያስታውሱ ኔትወርኮች ረጅም ጅራት ላለው መበተን የተሻለ ውጤት ይሰጣሉ። ነገር ግን የአሁኑን ሲምቦል ለማስላት ያለፈውን ውጤት መጠበቅ ስላለባቸው ሥራውን ከፋፍሎ በትይዩ ማስኬድ ያስቸግራል፤ በጊጋ ባውድ ፍጥነት ይህ ከባድ እንቅፋት ነው። ኮንቮሉሽናል ኔትወርክ፣ አንድ ዓይነት ክብደቶችን በሲግናሉ ላይ እያንሸራተተ ስለሚሠራ፣ ይህ ችግር የለበትም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ቢሆን የመጨረሻ ግቤ ሃርድዌር ከሆነ ኮንቮሉሽናሉን እይዛለሁ።

ኔትወርኩ ተማረ ወይስ ሸመደደ?

በዚህ ርዕስ ላይ ከልብ የምከራከርበት ነጥብ ይህ ነው። በፋይበር ላብራቶሪ ለፈተና የሚላከው ቢት አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ድንገተኛ አይደለም፤ በአጭር ቀመር የሚመነጭና ከጊዜ በኋላ የሚደገም ቅደም ተከተል ነው። ለምሳሌ ፒአርቢኤስ-15 የሚባለው በየ32,767 ቢቱ ይደገማል፣ እያንዳንዱም ቢት ከ14 እና ከ15 ቦታ በፊት ካሉት ሁለት ቢቶች በቀመር ይወጣል። ኔትወርኩ ከ15 በላይ ያለፉ ሲምቦሎችን የሚያይ ከሆነ ፋይበሩን ሳይማር ቀመሩን ሊማር ይችላል። ያን ጊዜ የስህተቱ መጠን በአስገራሚ ሁኔታ ይወርዳል፤ እውነተኛ መረጃ ሲላክ ግን ጥቅሙ ይጠፋል። ቶቢያስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በ2017 ይህን አደጋ በግልጽ አሳይተዋል፤ ሆኖም አሁንም በዚያው ወጥመድ የሚወድቅ ተማሪ ያጋጥመኛል፣ ልፋቱም ያሳዝነኛል።

መከላከያው አስቸጋሪ አይደለም። ቢቶቹን ከኮምፒውተሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የድንገተኛ ቁጥር ምንጭ መውሰድ፣ ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ ፈጽሞ የተለያዩ ቅደም ተከተሎችን በተለያየ ጊዜ መቅዳት ያስፈልጋል። የናሙናውም ብዛት ይታሰብበት፦ ከ1,000 ቢት አንዱ የሚሳሳትበትን መጠን በመጠኑ አስተማማኝ አድርጎ ለመለካት 100 ያህል ስህተት ማየት፣ ማለትም 100,000 ቢት መፈተን ይገባል፤ ከ100,000 አንድ ለሚሳሳት ደግሞ 10 ሚሊዮን ያስፈልጋል። በ7 በመቶ ተጨማሪ ቢት ለሚሠራው የስህተት ማረሚያ እንደ መመዘኛ የሚወሰደው 3.8×10⁻³ ነው፤ ሁለት አማራጮች ከዚህ በታች ከወረዱ፣ በእኔ ሚዛን ርካሹ ያሸንፋል፤ የሌላው የበለጠ መውረድ የሚያስገኘው ጥቅም እምብዛም ነው።

ሌላው ነገር መስመሩ ዛሬ እንደ ትናንቱ አለመሆኑ ነው። ሙቀቱን በማይቆጣጠር ትራንሲቨር ውስጥ ያለ ሌዘር ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ የሞገድ ርዝመቱ በ0.1 ናኖ ሜትር ያህል ይንሸራተታል። በጥቅምትና በኅዳር በከተማው ዳር ሌሊቱ ብርድ፣ ቀትሩ ፀሐይ ስለሆነ ውጭ በቆመ ሣጥን ውስጥ ያለ መሣሪያ በቀን ብዙ ዲግሪ ይዋዥቃል። መስመራዊው ኢኳላይዘር ክብደቱን በየጊዜው እያስተካከለ ይከተላል፤ ኒውራል ኔትወርክ አንድ ጊዜ ሠልጥኖ ከተቆለፈ ግን ወደኋላ ይቀራል። ለዚህ ጥሩው መንገድ ኔትወርኩን በሲሙሌሽን አስቀድሞ ማሠልጠንና በጥቂት እውነተኛ ሲምቦሎች የመጨረሻውን ንብርብር ብቻ ደግሞ ማስተካከል ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከዜሮ መጀመርን ያስቀራል።

ረጅሙ መስመር

በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚለካ፣ በየ80 ኪሎ ሜትሩ ማጉያ ያለው መስመር ፌዙንም በሚቀበል ኮሄረንት ትራንሲቨር ነው የሚሠራው። ፌዙ ስላልጠፋ መበተኑን መስመራዊ ማጣሪያ ሙሉ በሙሉ ይመልሰዋል፤ ያ የጉድጓድ ችግርም አይኖርም። የሚቀረው የብርሃኑ ብርታት ራሱ የመስታወቱን ጠባይ የሚለውጥበት የኬር ክስተት ነው። በ1 ሚሊ ዋት ኃይል በ40 ኪሎ ሜትር የሚያስከትለው የፌዝ ለውጥ ከ0.03 ራዲያን በታች ስለሆነ በከተማው ዙሪያ ባሉ መስመሮች ትርጉም የለውም። 12 ያህል ማጉያ ካለፈ በኋላ ግን ተጠራቅሞ ወደ 0.3 ራዲያን ይጠጋል።

ለዚህ የታወቀው መድኃኒት ሲግናሉን በኮምፒውተር ውስጥ በፋይበሩ ወደኋላ ማስጓዝ ሲሆን፣ ኤዝራ ኢፕና ጆሴፍ ካን በ2008 በሰፊው አሳይተውታል። መስመሩን ወደ ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በየክፍሉ መበተኑንና የፌዙን ለውጥ ይቀለብሳል። ወጪው ከባድ ነው፤ በአንድ ፋይበር ብዙ ቻናሎች ሲጓዙ ደግሞ ጎረቤቶቹ የሚያደርሱትን ጉዳት ስለማያይ ጥቅሙ ብዙ ጊዜ ከ1 ዲሲቤል አይዘልም። ክርስቲያን ሄገርና ሄንሪ ፊስተር በ2018 ያቀረቡት ሐሳብ ይህንኑ ስሌት እንደ ጥልቅ ኔትወርክ ማየት ነበር፦ የመበተን ማጣሪያዎቹ እንደ ክብደት፣ የፌዙ ለውጥ እንደ ነርቭ ማነቃቂያ ሆነው በሥልጠና ይስተካከላሉ፤ ስለዚህ በጥቂት ክፍሎችና በአጭር ማጣሪያዎች ይሠራል። ከማሽን ለርኒንግ አማራጮች ሁሉ ልቤን የሚወስደው ይህ ነው፤ የፊዚክሱን ዕውቀት ሳይጥል መማርን ይጨምርበታልና። ለረጅም መስመር ምርምር የሚመርጥ ሰው ምንም ከማያውቅ ትልቅ ኔትወርክ ይልቅ ከዚህ ይጀምር።

ላኪውንም ተቀባዩንም እንደ አንድ ኔትወርክ ባንድነት ማሠልጠን የሚለው አማራጭም አለ። ቦሪስ ካራኖቭና ባልደረቦቹ በ2018 በፎቶዳዮድ በሚቀበል መስመር በሰከንድ 42 ጊጋ ቢት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ አስተላልፈውበታል። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን ጫፎች በእጁ ለያዘ ሰው እንጂ የተገዛ ትራንሲቨር ለሚጠቀም አይሆንም።

በቅርቡ አንዲት ተማሪ በዚህ አካባቢ ላለ የ40 ኪሎ ሜትር መስመር በ28 ጊጋ ባውድ ፓም-4 ምን ልምረጥ ስትለኝ የነገርኳት ይህን ነው፦ ኮኔክተሮቹን አጽጂ፣ አማካዩን አውጪ፣ በ1310 ናኖ ሜትር ኃይሉ እንደሚበቃ አስይ። ካልበቃ በ1550 መስመራዊውንና ግብረ መልስ ያለውን ሞክሪ፣ ቀጥሎ የሁለተኛ ደረጃ ቮልቴራ። ከዚህ በኋላም ስህተቱ ከ3.8×10⁻³ በላይ ከቀረ ትንሹን ኔትወርክ አሠልጥኚ፤ ክብደቶቹን ስታስቀምጪም ቀኑን፣ ሰዓቱንና በሣጥኑ ውስጥ የነበረውን ሙቀት አብረሽ ጻፊ።